ነዳጅ ከያዘ ዓለት የሚሰበሰብ መረጃ፦ በጀቱ ለሶፍትዌር ይዋል ወይስ ለልኬት?

ጥያቄ፤ ከ«ባለገመዱ»

የተከበራችሁ የዚህ መድረክ ተሳታፊዎች፣ ጤና ይስጥልኝ።

አራት ኪሎ ጂኦሎጂ ካጠናሁ በኋላ ለአሥራ አንድ ዓመታት የሠራሁት በከርሰ ምድር ውኃ ላይ ነው። በእነዚህ ዓመታት ከቁፋሮ ማሽን አጠገብ አድሬአለሁ፣ የፓምፕ ሙከራ መርቻለሁ፣ ፓምፑ ከቆመ በኋላም የውኃው ከፍታ ወደ ቦታው ሲመለስ በገመድ እየለካሁ ሌሊቱን በባትሪ ብርሃን ስመዘግብ አንግቻለሁ። አሁን ግን ካዛንቺስ በሚገኝ አንድ አነስተኛ አማካሪ ቢሮ ተቀጥሬ፣ ስለ ነዳጅና ጋዝ መረጃ አያያዝ ከሚዘጋጅ ሰነድ አንድ ምዕራፍ ተሰጥቶኛል። ምዕራፉ መመለስ ያለበት ጥያቄ ከመሬት በታች የሚሰበሰብ መረጃ የአንድን የነዳጅ መስክ ምርት በምን መንገድ እንደሚያሳድግና መረጃው በምን ቅደም ተከተል መሰብሰብ እንዳለበት ነው።

ችግሬ የሚጀምረው ከበጀቱ ነው። በረቂቁ ላይ ከተያዘው ገንዘብ አብዛኛው የተመደበው በዓለት ውስጥ ያለውን ፍሰት በኮምፒውተር አስመስሎ ለሚያሰላ የሲሙሌሽን ሶፍትዌር ፈቃድና ለኃይለኛ ኮምፒውተሮች ሲሆን፣ ጉድጓድ ውስጥ ለሚካሄድ ልኬት የተያዘው በሠንጠረዡ የመጨረሻ ረድፍ ላይ «ልዩ ልዩ» ከሚለው ጋር ተደርቦ ነው። ይህን በስብሰባ ላይ ሳነሣ የተሰጠኝ መልስ «ሞዴሉ ከተሠራ የጎደለውን ራሱ ያሟላል» የሚል ነበር። እኔ በውኃ ሥራ ያየሁት የዚህን ተቃራኒ ነው፤ የውኃ ከፍታ በአግባቡ ባልተለካበት አካባቢ የተሠራ ሞዴል ያማረ ካርታ ያወጣል፣ ካርታው ጥሩ ብሎ ባመለከተው ቦታ ላይ ሲቆፈር ግን ጉድጓዱ ደረቅ ይሆናል። ሆኖም ነዳጅ ውኃ አይደለምና፣ ልምዴን እንዳለ ገልብጬ ወደማላውቀው ሙያ ወስጄ እንዳልሳሳት እሠጋለሁ።

ስለዚህ በነዳጅ መስክ ላይ የሠራችሁ ሁለት ነገሮችን ብታስረዱኝ ወሮታችሁን አልረሳም። አንደኛው፣ ገንዘቡ ለሁሉም የማይበቃ ከሆነ መቅደም ያለበት ልኬት የትኛው ነው? ሁለተኛው ደግሞ፣ ልኬቱ ወረቀት ላይ ከሰፈረ በኋላ ወደ ተጨማሪ በርሜል የሚለወጠው እንዴት ነው? «መረጃ ለውሳኔ ይጠቅማል» የሚለውን አጠቃላይ አነጋገር ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እኔ የምፈልገው አንድ ቁጥር ተለክቶ አንድ ውሳኔ ሲቀይር የሚያሳይ ምሳሌ ነው።


መልስ፤ ከ«ግፊት ጠባቂ»

ጤና ይስጥልኝ። ከአገር ውጭ በነዳጅ መስኮች ላይ በሪዘርቮየር (ነዳጅ በያዘ ዓለት) መሐንዲስነት ለረጅም ጊዜ ሠርቼ አሁን የምኖረው አዲስ አበባ ነው። በስብሰባው ላይ የተሰጠዎትን መልስ እኔም በሌላ አገርና በሌላ ቋንቋ ስለሰማሁት ብዙ አይግረምዎ።

ቅደም ተከተሉን በአንድ መመዘኛ እንዲወስኑ እመክርዎታለሁ፤ ይኸውም ዛሬ ካልተወሰደ በኋላ ሊወሰድ የማይችለው የትኛው እንደሆነ መጠየቅ ነው። ሴይስሚክ፣ ማለትም የድምፅ ሞገድ ወደ መሬት ልኮ የሚመለሰውን መለካት፣ ከአሥር ዓመት በኋላም እንደገና ሊካሄድ ይችላል። ከጉድጓድ ተቆርጦ የወጣ የድንጋይ ናሙና፣ ማለትም ኮር፣ በሳጥኑ ውስጥ በደንብ ከተቀመጠ ልጆቻችንም ሊለኩት ይችላሉ። ሦስት ነገሮች ግን አንዴ ካመለጡ ይቀራሉ፤ እነርሱም አንድም በርሜል ሳይወጣ የነበረው የመጀመሪያው ግፊት፣ የመጀመሪያው የፈሳሽ ናሙና፣ እንዲሁም ድፍድፉና ከሥሩ ያለው ውኃ የሚገናኙበት የመጀመሪያው ጥልቀት ናቸው።

ናሙናውን ብንወስድ፣ ከመሬት በታች ያለ ድፍድፍ ብዙውን ጊዜ ጋዝ ሟሙቶበት ይገኛል። ግፊቱ ከተወሰነ መጠን በታች ሲወርድ፣ የአምቦ ውኃ ክዳኑ ሲከፈት እንደሚያደርገው ሁሉ፣ ጋዙ ከፈሳሹ መለየት ይጀምራል። የተለየው ጋዝ በዓለቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ከድፍድፉ ቀድሞ ወደ ጉድጓዱ ስለሚሮጥ፣ ከዚያ በኋላ ወደ ጠርሙሳችን የሚገባው ፈሳሽ መጀመሪያ በዓለቱ ውስጥ የነበረውን አይወክልም። አንድ በርሜል ድፍድፍ ወደ ላይ ሲወጣ ምን ያህል እንደሚኮማተር፣ ከዓለቱ ውስጥ ለመፍሰስ ምን ያህል ወፍራም እንደሆነ፣ ግፊቱ ሳይወርድ ውኃ ማስገባት መቼ መጀመር እንዳለበት የሚታወቀው ከዚህ ናሙና ነው። ይህ ሁሉ የሚገኘው በጉድጓዱ የመጀመሪያ ሳምንታት ውስጥ ነው፤ እነዚያ ሳምንታት ደግሞ ሁሉም ሰው «ምርት ይጀመር» እያለ የሚቻኮልባቸው ናቸው።

አሁን ወደ ጠየቁት ምሳሌ ልምጣ። አንድ ጉድጓድ በቀን 300 በርሜል ብቻ ይሰጣል እንበል። ጥቂት የሰጠበት ምክንያት ቢያንስ ከሦስቱ አንዱ ሊሆን ይችላል። ዓለቱ ራሱ ፈሳሽ የማያሳልፍ ይሆናል፣ የዓለቱ ግፊት ወድቆ ይሆናል፣ አለዚያም በቁፋሮ ጊዜ የገባ ጭቃ በጉድጓዱ ዙሪያ ያለውን ጥቂት ክንድ ዓለት ደፍኖት ይሆናል። ላይ ሆኖ ለሚመለከት ሰው ሦስቱም አንድ ዓይነት 300 በርሜል ናቸው፤ መድኃኒታቸው ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። ጉድጓዱን ዘግተን ከታች የግፊቱን መመለስ ብንለካ፣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚታየው የጉድጓዱ ዙሪያ ሁኔታ ሲሆን፣ ኋላ የሚመጣው ቀጥ ያለ መስመር የዓለቱን አሳላፊነት፣ መስመሩ የሚያመራበት ቦታ ደግሞ የዓለቱን ግፊት ይነግረናል። ከዚህ ልኬት ከዓለቱ የሚመጣው ተቃውሞ 7 ሆኖ፣ እኛ ስኪን የምንለው የጉድጓዱ ዙሪያ ጉዳትም ሌላ 7 ሆኖ ቢገኝ፣ ጉዳቱን በአሲድ ማጠብ ወይም የጉድጓዱን ቱቦ ግድግዳ እንደገና መብሳት በዚያው የግፊት ልዩነት ምርቱን እጥፍ ሊያደርገው ይችላል ማለት ነው። ስኪኑ ዜሮ ሆኖ ከተገኘ ግን አሲዱ ገንዘብ ከማቃጠል በቀር የሚያመጣው ነገር የለም። ያ አንድ ቁጥር አንድን ሥራ ያስጀምራል ወይም ያስቀራል።

ይህን ሲያነቡ ሌሊት በገመድ የለኩትን እንዳስታወሱ አልጠራጠርም። በውኃው ሙያ ቻርለስ ታይስ እ.ኤ.አ. በ1935 ያቀረበው የመመለሻ ትንተናና በነዳጁ በኩል ሆርነር በ1951 ያሳተመው ዘዴ በመሠረቱ የአንድ እኩልታ ልጆች ናቸው። የሚለየው ፈሳሹ ነው፤ በነዳጅ ዓለት ውስጥ ድፍድፍ፣ ውኃና ጋዝ በአንድ ቀዳዳ ውስጥ እየተጋፉ ይሄዳሉና የአንዱ መኖር የሌላውን መንገድ ያጠብባል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ክረምት መጥቶ የሚሞላው ነገር የለም። የአቃቂ ጉድጓዶች ዝናብ ሲጥል ተስፋ አላቸው፤ የነዳጅ ዓለት ግን ከጎኑ ውኃ የሚገፋው ካልሆነ በስተቀር የወጣበትን የሚተካለት የለም።

መተኪያ የሌለው መሆኑ ራሱ መለኪያ ይሆነናል። ጋዙ ገና ካልተለየበት መስክ 1 ሚሊዮን በርሜል ወጥቶ አማካይ ግፊቱ በ300 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ ነው) ወረደ እንበል። ዓለቱና ፈሳሾቹ በእያንዳንዱ 1 ፒኤስአይ 15 ሚሊዮንኛ ያህል የሚለጠጡ ከሆነ፣ በ300 ፒኤስአይ የሚለጠጡት 0.45 በመቶ ነው። ያ 0.45 በመቶ 1 ሚሊዮን በርሜል ከሆነ፣ ከጉድጓዶቻችን ጋር የተገናኘው ድፍድፍ ወደ 222 ሚሊዮን በርሜል ይጠጋል። የሴይስሚክ ካርታው 500 ሚሊዮን ብሎ ከነበረ፣ ከግማሽ በላዩ በስንጥቅ፣ ማለትም ዓለቱ ተሰንጥቆ ግራና ቀኙ በተንሸራተተበት መስመር፣ ታግዶ በሌላ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ይሆናል፤ ቀጣዩን ጉድጓድ የት መቆፈር እንደሚገባ የሚጠቁመው እንግዲህ ይህ ልዩነት ነው። ተቃራኒው ሲገጥም፣ ማለትም ግፊቱ የወረደው ካሰብነው ባነሰ መጠን ሲሆን፣ ውኃ ከጎን እየገፋ ሊሆን ስለሚችል ከመደሰት በፊት የጉድጓዶቹን የውኃ ድርሻ ማየት ያስፈልጋል።

ሎግን፣ ማለትም መሣሪያ ወደ ጉድጓድ ወርዶ የዓለቱን ባሕርይ በየጥልቀቱ የሚመዘግብበትን ልኬት፣ ኮርንም እያጣጣልኩ አይደለም፤ ያለ እነርሱ የዓለቱን ውፍረትና ቀዳዳማነት ስለማናውቅ የግፊቱ ሒሳብም አይሠራም። ነገር ግን 21 ሴንቲ ሜትር ተኩል ስፋት ያለው አንድ ጉድጓድ በ1 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ሲቆፈር ከስፋቱ የሚነካው ከ27 ሚሊዮን አንዱን እጅ ያህል ነው። ግፊት ግን በዓለቱ ውስጥ ስለሚጓዝ፣ ያልቆፈርንበትን ቦታ ዜና ይዞልን ይመጣል። እኔ በበጀትዎ ውስጥ ለልኬቱ የምፈርደው በዚህ ምክንያት ነው።


መልስ፤ ከ«ሒሳብ አጣሪ»

በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ሆኖም ግፊት ጠባቂ ጉድጓድ መዝጋትን እንደ ቀላል ነገር አሳልፈውታል። በቀን 600 በርሜል የሚሰጥ ጉድጓድ ለሦስት ቀን ሲዘጋ 1,800 በርሜል ይዘገያል። «ይዘገያል እንጂ አይጠፋም» የሚለው ክርክር በመሐንዲሶች ዘንድ ተቀባይነት ቢኖረውም፣ የወሩን ገቢ ለሚጠብቀው የሒሳብ ክፍል ግን መልስ አይሆነውም። ከዚህም በላይ ሰም የበዛበት ድፍድፍ ባለበት አገር መዝጋት እውነተኛ አደጋ አለው። የዑጋንዳ ድፍድፍ በዚህ ምክንያት ነው ወደ ታንዛኒያው ታንጋ ወደብ በ1,443 ኪሎ ሜትር ቱቦ ሲጓዝ ቱቦው በመላ መሞቅ ያለበት፤ የኬንያው የቱርካና ድፍድፍም ባሕርዩ ተመሳሳይ ነው። እንዲህ ያለ ፈሳሽ በጉድጓድ ቱቦ ውስጥ ቆሞ ከቀዘቀዘ ለሦስት ቀን የዘጋነው ጉድጓድ ለሦስት ሳምንት ላይከፈት ይችላል።

ስለሆነም ከታች በቋሚነት የሚተከል የግፊት መለኪያ ከመጀመሪያው፣ ጉድጓዱ ሲጠናቀቅ፣ በበጀት ውስጥ እንዲገባ አድርጉ። ኋላ ለማስገባት ጉድጓዱን ማቆምና ቱቦውን ማውጣት ስለሚጠይቅ ዋጋው ከመለኪያው ዋጋ ጋር አይነጻጸርም። መለኪያው ካለ ደግሞ ሆን ተብሎ መዝጋት እምብዛም አያስፈልግም። በየትኛውም መስክ ላይ መብራት ይቋረጣል፣ ፓምፕ ይበላሻል፣ ማጠራቀሚያ ታንከር ይሞላል፤ በእያንዳንዱ መቆም ጊዜ ግፊቱ ሲመለስ በነጻ የተገኘ ሙከራ ነው። መብራት ሲጠፋ ሁላችንም እዚህ ስንማረር እንውላለን፤ በደንብ ለተዘጋጀ የሪዘርቮየር መሐንዲስ ግን የመብራት መጥፋት ለወራት ሲለምን የከረመውን ልኬት ይሰጠዋል፤ የቆመበትና የተነሣበት ሰዓት በትክክል ከተመዘገበ ማለቴ ነው። ሰዓቱ ካልተመዘገበ ምንም ዋጋ የለውም።

ስለ ሶፍትዌሩ አንድ ነገር ልጨምር። ኦፒኤም ፍሎው የሚባለው ሲሙሌተር ያለ ፈቃድ ክፍያ ከነምንጭ ኮዱ የሚገኝ ነው። መለማመጃም አልጠፋም፤ በሰሜን ባሕር እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2016 ያመረተው የቮልቭ መስክ መረጃ፣ ሴይስሚኩ፣ ሎጉ፣ የየቀኑ ምርቱና ሞዴሉ ሳይቀር፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በኢኩዊኖር ለሕዝብ ተለቅቋል። ፋይሎቹ 40,000 ያህል ስለሆኑ ሁሉንም በአንዴ ለማውረድ አትሞክሩ፤ እኔ የየቀኑን የምርት ሠንጠረዥ ብቻ አውርጄ ለሁለት ወር ተምሬበታለሁ፣ እርሱም አንድ ተራ የኤክሴል ፋይል ነው። የፈቃዱ ገንዘብ በከፊል እንኳ ወደ መለኪያው ቢዛወር ምዕራፍዎ የሚከስር አይመስለኝም።

አለቆችዎ «ሌላው ዓለም ምን ያደርጋል?» ካሉ ኤኮፊስክን ይጥቀሱላቸው። በሰሜን ባሕር የኖርዌይ ክፍል የሚገኘው ይህ መስክ እ.ኤ.አ. በ1969 ተገኝቶ በ1971 ማምረት የጀመረ ሲሆን፣ መጀመሪያ ላይ ይወጣል ተብሎ የታሰበው ከጠቅላላው ድፍድፍ ወደ 17 በመቶ ብቻ ነበር። ዓለቱ ለስላሳ ጠመኔ ስለሆነ ግፊቱ ሲወርድ ተጨፍልቆ የባሕሩ ወለል ሰመጠ። መስመጡ በ1984 ታወቀ፣ በ1987 የማምረቻ መድረኮቹ በ6 ሜትር ከፍ እንዲሉ ተደረገ፣ በዚያው ዓመትም ውኃ በስፋት ማስገባት ተጀመረ። ዛሬ ከዚያ መስክ ይወጣል ተብሎ የሚታሰበው ከጠቅላላው ግማሽ ገደማ ነው። ውኃው በዘፈቀደ አልተጨመረም፤ አስቀድሞ በሙከራ ጉድጓድ ተሞክሮ፣ ጠመኔው ውኃውን እየሳበ ድፍድፉን እንደሚለቅ በኮር ላይ ታይቶ ነው። በነገራችን ላይ ጠመኔው ውኃ ሲነካው ይበልጥ እየደከመ መስመጡ ግፊቱ ከተመለሰም በኋላ ለተወሰነ ጊዜ መቀጠሉን ሊጠቅሱት ይገባል፤ ስኬቱን ብቻ የሚያወራ ሰነድ አይታመንም።


መልስ፤ ከ«የድሮ መዝገብ»

ልጆቼ፣ ሁላችሁም ስለሚገዛው መለኪያ ስትነጋገሩ፣ ቀድሞ የተለካው ግን ተረሳ። እኔ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ያለፉትን ዓመታት ያሳለፍኩት ፒያሳ አካባቢ ባለች ትንሽ ቤቴ ውስጥ የሰው ወረቀት እያነበብኩ ነው።

በኦጋዴን የካሉብና የሂላላ የጋዝ መስኮች ታሪክ ዛሬ የጀመረ አይደለም። የአሜሪካው ኩባንያ ቴኔኮ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ቆፍሮ ጋዙን አገኘ፣ በ1980ዎቹ ሶቪየቶች ተጨማሪ ጉድጓዶችን ቆፈሩ፣ ኋላም ሌሎች ተከታተሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 በሂላላ የሙከራ ምርት ሲጀመር በቀን 450 በርሜል ድፍድፍ እንደሚወጣ የተነገረውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ከጋዙ ማደሪያዎች አንዱ የሆነው የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ምን እንደሚመስል ለማየት ኦጋዴን መውረድ አያስፈልግም። ከዚህ ተነሥታችሁ በጎሐ ጽዮን በኩል ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ፣ ከጂፕሰሙ በታች ወደ ድልድዩ ስትጠጉ መንገዱ ዳር ተቆርጦ ይታያል። አጉሊ መነጽር ይዛችሁ ቅረቡና እዩት፤ አሸዋው ልቅ ሆኖ በእጅ የሚፈረፈርበት ንብርብርና በሲሚንቶ መሰል ማዕድን ተጣብቆ መዶሻ የሚመልስበት ንብርብር በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ናቸው። በሁለቱ መካከል ያለው የአሳላፊነት ልዩነት ምን ማለት እንደሆነ ከየትኛውም መጽሐፍ ይልቅ እዚያ ይገባችኋል።

ወደ ወረቀቱ ልመለስ። በተለያየ ዘመንና በተለያየ አገር ሰው የተመዘገበ መረጃ ሁለት ወጥመድ አለው። አንደኛው የጥልቀቱ መነሻ ነው። አንዱ ከቁፋሮ ማሽኑ መድረክ ጀምሮ ይለካል፣ ሌላው ከመሬቱ፣ ሦስተኛው ከባሕር ጠለል። በመድረኩና በመሬቱ መካከል 7 ሜትር ልዩነት ካለና ይህ ሳይስተካከል ከቀረ፣ ድፍድፍ በያዘ ዓለት ውስጥ ወደ 8 ፒኤስአይ የሚጠጋ የውሸት ልዩነት ይፈጠራል። ስምንት ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን የሁለት ጉድጓዶች ግፊት በስምንት ሲለያይ «በመካከላቸው የሚያግድ ስንጥቅ አለ» ተብሎ ሦስተኛ ጉድጓድ ሊቆፈር ይችላል። ስንጥቁ ያለው ግን በመዝገቡ ላይ ነው።

ሁለተኛው የመለኪያው አሃድ ነው፤ ይህ ከመጀመሪያው ይብሳል። በሩሲያኛ የተጻፈ መዝገብ ላይ ግፊት «ኣት» ተብሎ በሁለት ፊደል ሲጻፍ ቴክኒካዊ አትሞስፌር ማለት ሲሆን፣ አንዱ ከ14.22 ፒኤስአይ ጋር እኩል ነው። «ኣትም» ተብሎ በሦስት ፊደል ሲጻፍ ግን አካላዊው አትሞስፌር ስለሆነ 14.70 ነው። 250 ተብሎ የተጻፈ ግፊት በመጀመሪያው 3,556፣ በሁለተኛው 3,674 ፒኤስአይ ይሆናል። አንዲት ፊደል በፎቶ ኮፒ ስትደበዝዝ ወደ 120 ፒኤስአይ ትጠፋለች። እኔ ራሴ በወጣትነቴ እንዲህ ያለውን ገጽ ስተረጉም ሁለቱን ቀላቅዬ፣ ስህተቱን ያገኘልኝ ከእኔ በኋላ የመጣ ሰው ነው፤ ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይቀላል።

ስለዚህ ባለገመዱ፣ ከሶፍትዌሩም ከመለኪያውም በፊት ለአንድ ሰው የሦስት ወር ደመወዝና አንድ ጥሩ ስካነር በበጀቱ አስገባ። እያንዳንዱ የግፊት ቁጥር ከጎኑ የተለካበት ቀን፣ ጥልቀቱና መነሻው፣ አሃዱ፣ ጉድጓዱ ከመለካቱ በፊት ስንት ሰዓት ተዘግቶ እንደቆየ ይጻፍበት። ከእነዚህ አንዱ የጎደለው ቁጥር ወደ ሞዴል እንዳይገባ በቀይ ይታጠር።


ከ«ባለገመዱ»

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ በተለይ ጋሼ፣ ምክርዎ በዚያው ቀን ሥራ ላይ ውሏል። ደንበኛችን ከሰጠን የድሮ ወረቀቶች ውስጥ የአንድ መስክ አራት ጉድጓዶችን የግፊት ዝርዝር አውጥቼ ከጥልቀቱ ጋር በእርሳስ በሚሊ ሜትር ወረቀት ላይ አሰፈርኩት። ሦስቱ በአንድ መስመር ላይ በሚያስደስት ሁኔታ ሲቀመጡ አራተኛው ከመስመሩ ወጣ። ረቂቁን ከእኔ በፊት የያዘው ባልደረባ በዚህ ምክንያት አራተኛውን ጉድጓድ ከሌሎቹ ጋር ያልተገናኘ «የተለየ ክፍል» ብሎ በሌላ ቀለም ቀብቶታል። የወረቀቱ ራስጌ ግን ተቀዶ ስለጠፋ መነሻውም አሃዱም አይታወቅም። አለቃዬ ነገሩን ካሳየኋቸው በኋላ በጀቱን እንደገና ለማየት ፈቃደኛ ቢሆኑም፣ «እንግዲያው ይህ ጉድጓድ የተለየ ነው ወይስ አይደለም?» ብለው ጠየቁኝና መልስ አጣሁ። ራስጌው በሌለበት ይህን መለየት የሚቻልበት መንገድ አለን?


መልስ፤ ከ«ግፊት ጠባቂ»

በአራተኛው ጉድጓድ ላይ በተለያየ ጥልቀት የተለኩ ከሦስት በላይ ነጥቦች ካሉ መንገድ አለ። ሦስቱ ጉድጓዶች ከሠሩት መስመር የእያንዳንዱን ነጥብ ርቀት ይለኩ። ርቀቱ በሁሉም ጥልቀት እኩል ሆኖ ጥቂት ፒኤስአይ ብቻ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የጥልቀት መነሻው ነው፤ ርቀቱን ፈሳሹ በእያንዳንዱ ሜትር ጥልቀት በሚጨምረው ግፊት ሲያካፍሉት ከአንድ የቁፋሮ መድረክ ከፍታ ጋር የሚቀራረብ ቁጥር ቢያገኙ ጥርጣሬው ይጠናከራል። ርቀቱ ግፊቱ በጨመረ ቁጥር አብሮ የሚያድግና ሁልጊዜ ከግፊቱ 3.3 በመቶ አካባቢ የሚሆን ከሆነ ደግሞ የጋሼ የጠፋችው ፊደል ናት። ከሁለቱም ጋር የማይስማማ ከሆነ፣ በተለይም የመስመሩ ዝንባሌ ራሱ የተለየ ከሆነ፣ ጉድጓዱ ሌላ ፈሳሽ ወይም በእርግጥ ሌላ ክፍል ውስጥ ሊሆን ይችላልና የባልደረባዎን ቀለም ገና አያጥፉት።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፤ አራቱ ጉድጓዶች የተለኩባቸው ቀናት ይለያዩ ይሆን? በመካከሉ ምርት ወይም ረጅም የፍሰት ሙከራ ከነበረ፣ ቋሚ የሆነ ዝቅታ ከመነሻ ስህተት ሳይሆን ከእውነተኛ የግፊት መውረድ ሊመጣ ይችላል፤ ይህም ከሆነ አራተኛው ጉድጓድ ከሦስቱ ጋር የተገናኘ መሆኑን የሚያረጋግጥ እንጂ የሚያፈርስ አይደለም።


ከ«ባለገመዱ»

አምስት ነጥቦች አሉኝ። ርቀታቸውን ከላይ ወደ ታች አሁን ለካሁት፤ 9፣ 8፣ 9፣ 8፣ 9 ፒኤስአይ ነው። ቀናቱ የሰፈሩበት ገጽ ሌላ ሳጥን ውስጥ ስለሆነ ነገ ጠዋት ቢሮ ስገባ አወጣዋለሁ።